«አይሸጥም» የሚባለው ጠመንጃ

ሽማግሌው አፈሙዙን ከሰደፉ ለይተው በግራ እጃቸው አንጠልጥለውታል። ክንድ ከስንዝር የሚሆን፣ ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን የተጣበቁበት ብረት ነው። ከሥሩ ባለችው ጉጥ በአንድ ጣታቸው ብቻ ይዘው በሌላው እጃቸው ጥፍር ጠቅ አደረጉት። ብረቱ አቃጨለ፤ ድምፁም ረዘም ብሎ ቆይቶ እየሰለለ ጠፋ። «ሰማህ?» አሉት ፊት ለፊታቸው የቆመውን ጎልማሳ፤ «ብየዳው ንቅንቅ አላለም።» ሌላ አፈሙዝ ከጠረጴዛው አነሡና እንዲሁ መቱት። ይኼኛው እንደተሰነጠቀ ገንቦ ጧ ብሎ ቀረ። «ይኼ ደግሞ ላልቷል። ወረቀቱ ላይ ጽፌዋለሁ።» እውነትም በክር በተንጠለጠለችው ቁራጭ ወረቀት ላይ ጉድለቱ ከዋጋው በላይ ሰፍሯል፦ ብየዳው የላላ፣ ሰደፉ አንዴ ተሰብሮ የተጠገነ። ዋጋው ከዚህ ሁሉ በታች ነው። ጎልማሳው ሁለቱንም አገላብጦ ሲያበቃ የገዛው የላላውን ነበር። ጥሩ ጠጋኝ ያውቃል፤ ለጥገናው የሚከፍለውንም ሽማግሌው ራሳቸው አስልተው ከዋጋው ቀነሱለት።

ቦታው ሳንፎርድ፣ ሰሜን ካሮላይና ነው። ዲፕ ሪቨር የተባለው የተኩስ ሜዳ ኤፕሪል ሲገባደድ ጥንድ አፈሙዝ ሾትገን ብቻ የሚተኮስበትን ውድድር ያስተናግዳል። ደንቡ አጭር ነው፤ አፈሙዞቹ ጎን ለጎን ካልሆኑ ውድድር የለም። አንዱ አፈሙዝ በሌላው ላይ የተደረበበት፣ በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ ወይም ራሱ እየጎረሰ የሚተኩስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ተመልካች ሆኖ መዋል ይችላል። በሜዳው ዳር የተተከሉት ድንኳኖች ግን ከተኩሱ ያላነሰ ሰው ይስባሉ። በጠረጴዛዎቹ ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ የተደረደሩት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። ከጀርባቸው የተቀመጡት ሰዎችም አብዛኞቹ ሽበታም፣ አብዛኞቹ ነጭ፣ አብዛኞቹ ወንድ ናቸው። ጥቁር ፊት በጣት የሚቆጠር ነው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ቦታውን በግማሽ መሳል ይሆናል።

ዒላማው የሸክላ ሳህን ነው፤ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር፣ ቅርጹ ዝርግ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተኳሾች የሚወዳደሩት በሕያው ርግብ ላይ ነበር። ርግብ ሲወደድና ሲያስነቅፍ በአየር ላይ የሚወነጨፍ የመስታወት ኳስ ተተካ። እሱም ስብርባሪው ሜዳውን ሁሉ ሞላ። በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሲንሲናቲው ጆርጅ ሊጎውስኪ እየተሽከረከረ የሚበርረውን የሸክላ ዒላማ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ ሳህኑ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከቅጥራን ነው፤ ስሙ ግን ሸክላ እንደተባለ ቀረ።

ተኳሾቹ በቡድን ሆነው ጫካ ለጫካ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዘዋወራሉ። ተረኛው ቆሞ «ፑል!» ሲል ከቁጥቋጦው ጀርባ ያለው መሣሪያ ሳህኑን ይወነጭፋል። አንዱ ጣቢያ እንደ ጥንቸል መሬት ለመሬት የሚንከባለል፣ ሌላው ከራስ በላይ ከኋላ የሚመጣ ሳህን ይጥላል። በጥንዱ ጠመንጃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምላጩ ሁለት ነው። የፊቱ ቀኙን፣ የኋላው ግራውን አፈሙዝ ይተኩሳል። የቀኙ ጫፍ ሰፋ ያለ በመሆኑ እርሳሱን ቅርብ ላይ ይበትነዋል፤ የግራው ጠበብ ያለ ስለሆነ ርቆ ለሄደው ይሻላል። ተኳሹ በዓይን ጥቅሻ ውስጥ የትኛውን እንደሚስብ መምረጥ አለበት። ዘመናዊው ጠመንጃ ይህን ምርጫ ከሰው ጣት ላይ ወስዶታል፤ እዚህ የተሰበሰቡት ደግሞ ጣታቸው ሥራ ፈት እንዲሆን አይፈልጉም።

በየቡድኑ የሚመደቡት ሰዎች ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። ሁለት ጣቢያ ካለፉ በኋላ ግን ጠመንጃ መዋዋስ ይጀምራሉ። ከጆርጂያ የመጣ አንድ ቀጠን ያለ ሰው ተራው እስኪደርስ ፎክስ የተባለ ጠመንጃውን አጠገቡ ላለው የማያውቀው ሰው ዘረጋለት፤ «እስቲ በዚች ሞክር፤ ቀኙ ትንሽ ወደ ላይ ያነሣል።» ሰውዬው ሁለቱንም ሳህን ሳተ። «ጠመንጃዋ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አለ እየሳቀ። «እኔም በእሷ ስስት ሃያ ዓመቴ ነው» ሲል መለሰለት ባለቤቱ። ከዚያ በኋላ ለምሳ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ንግዱም የሚጀመረው እንዲህ ነው፤ ከተኩሱ ሜዳ፣ ከድንኳኑ በፊት። በእጅህ ያልተኮስክበትን ጠመንጃ በዓይን ብቻ የምትገዛበት ምክንያት የለም።

ስም ሲጠራ የሚሰማው በዋናነት የሦስት ጠመንጃ ሠሪ ቤቶች ነው። ፓርከር በኮነቲከት ሜሪደን ከተማ ተሠራ። ከ1860ዎቹ መጨረሻ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ወደ 240 ሺህ ገደማ ጠመንጃ ወጥቶለታል፤ ፋብሪካውን ሬሚንግተን የገዛው በ1934 ነበር። ደረጃው በፊደል ይታወቃል፤ ዲ ኤች ኢ የተባለው ለምሳሌ ዲው የጌጡን ደረጃ፣ ኤቹ መምቻው ከውስጥ የተሰወረ መሆኑን፣ ኢው ደግሞ ባዶ ቀለሁን ራሱ እንደሚያስፈነጥር ይናገራል። ከሁሉ በላይ ያለው ኢንቪንሲብል የተሠራው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የሩሲያው ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ያዘዘው ፓርከርም አለ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ሳይላክለት አሜሪካ ቀረ።

ኤል ሲ ስሚዝ የኒውዮርክ ግዛት ልጅ ነው። ላይማን ኮርኔሊየስ ስሚዝ ሲራክዩዝ ውስጥ ሠርቶ ሠርቶ በ1880ዎቹ መጨረሻ ንግዱን ለሃንተር ወንድማማቾች ሸጠና ፊቱን ወደ ጽሕፈት መኪና አዞረ። የስሚዝ ኮሮና የጽሕፈት መኪና ዘሩ ከዚያ ነው። ሲያትል ያላችሁ አንባቢዎች በ1914 የተከፈተውን ስሚዝ ታወር በየቀኑ ታልፉበት ይሆናል፤ በስሙ የቆመው የዚሁ የጠመንጃ ሰው ነው። ጠመንጃው ራሱ ፉልተን ከተማ ውስጥ እየተሠራ እስከ 1950 ዘለቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የፋብሪካው ወለል ተደርምሶ ነበር።

ፎክስ የፊላደልፊያ ነው። ባለቤቱ አንስሊ ፎክስ ራሱ ስመ ጥር ተኳሽ ነበር፤ ለጠመንጃው የመረጠለት መፈክር ደግሞ «የዓለም ምርጥ ጠመንጃ» የሚል ነበር፤ ትሕትና አያውቅም። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣን እንደለቀቁ በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲሄዱ የያዙት ጥንድ አፈሙዝ ፎክስ ነበር። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ሮበርት ስኪነርን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ልከው የመጀመሪያውን የአሜሪካና የኢትዮጵያ የንግድ ውል ያስፈረሙት እኚሁ ሩዝቬልት ናቸው። የአደኑ መንገድ በሞምባሳ ገብቶ በካርቱም ወጣ፤ ኢትዮጵያን ዙሪያዋን እንጂ ውስጧን አልነካም። ያ ፎክስ በ2010 በጨረታ 862,500 ዶላር ወጣበት። በዚያን ጊዜ ለአንድ ሾትገን በጨረታ የተከፈለ ከፍተኛው ዋጋ ነበር።

የሦስቱ ቤቶች ሰብሳቢዎች እዚህ ሜዳ ላይ በቡድን ይፎካከራሉ። ማን አሸነፈ የሚለው ለአንድ ዓመት የማላገጫ ስንቅ ነው። አንድ የስሚዝ ሰው ፓርከር ይዞ ከታየ ወንጀለኛ ይሆናል፤ በቀልድ ማለቴ ነው፣ ግን ቀልዱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ገዥ ጠመንጃ የሚፈትሽበትን ሥርዓት ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። አንደኛ፣ ሳይጠይቅ አይነካም። ሲቀበል ወዲያው ይከፍተዋል፤ ባዶ መሆኑን እሱም አጠገቡ ያለውም እንዲያይ። የባዶ ጠመንጃ ምላጭ መሳብ ነውር ነው፤ የውስጡ መምቻ ይሰበራልና። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ትከሻው ያነሣና ዓይኑን ይከፍታል። አፈሙዙን በዓይኑ አቅጣጫ ካገኘው ሰደፉ ለእሱ ሆነ ማለት ነው። የድሮዎቹ ሰደፎች ከዛሬዎቹ ይልቅ ወደ ታች ያዘነበሉ ናቸው። የዚያ ዘመን ሰው ራሱን ቀና አድርጎ ይተኩስ ነበር፤ የዛሬው ጉንጩን ተጭኖ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ያማረ ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል። በመጨረሻ አፈሙዙንና ሰደፉን ይዞ ይወዘውዘዋል። የሚንቀጫቀጭ ከሆነ መጋጠሚያው አልቋል።

አፈሙዙና ሰደፉ የሚገናኙበት ብረት ላይ የሚታየው ሰማያዊ፣ ቡናማና ቢጫ የተቀላቀለበት ቀለም ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነው። ቀለም የተቀባ አይደለም። ብረቱ ከአጥንትና ከእንጨት ከሰል ጋር ታሽጎ በከባድ ሙቀት ከቆየ በኋላ ውኃ ውስጥ ሲወረወር ላዩ ይጠነክራል፤ ቀለሙም ያን ጊዜ ይወጣል። በእጅ ላብና በፀሐይ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከመቶ ዓመት በኋላ በምላጩ ዙሪያና በማዕዘኖቹ ጥቂት ከተረፈ ሰብሳቢው ይንሰፈሰፋል። እንደ አዲስ የተቀለመ ግን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ዋጋው ይወርዳል። ለእኔ ይህ መጀመሪያ ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ሲያስረዱኝ ገባኝ፤ የደበዘዘው ቀለም የተያዘበትን እጅ ሁሉ ይዟል፣ አዲሱ ምንም አልያዘም።

ስለዚህም ወረቀት ከብረቱ እኩል ይፈለጋል። የፓርከር ሰብሳቢዎች ማኅበር ከተረፉት የፋብሪካ መዛግብት እየገለበጠ ለባለ ጠመንጃ ደብዳቤ ይሰጣል፤ መቼ ታዘዘ፣ በምን ልክ፣ ለየትኛው ሱቅ ወይም ሰው ተላከ። አንድ ሰው ደብዳቤውን በፕላስቲክ ሸፍኖ ከጠመንጃው ጋር ይዞ ሲዞር አየሁት። «መሸጫ ነው?» ብለው ሲጠይቁት «አይሸጥም፣ ላሳያችሁ ነው» ይላል። «አይሸጥም» ግን በዚህ መንደር የድርድር መክፈቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ያው ሰው ሌላ ጠመንጃ ይዞ አየሁት፤ የጠዋቱ ከነደብዳቤው ተለውጧል።

ደህንነቱ ቀልድ የለውም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩት ብዙ አፈሙዞች የብረትና የአረብ ብረት ጥብጣብ አብሮ ተጎንጉኖ፣ በዘንግ ላይ ተጠምጥሞ፣ እየተቀጠቀጠ የተበየደባቸው ናቸው። ላያቸው የውኃ ሞገድ የመሰለ ጌጥ አለው፤ ደማስቆ ይሏቸዋል። የተሠሩት ባብዛኛው ለጥቁር ባሩድ ነበር። ዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ የበለጠ ግፊት አለው። ቀለህ የሚገባበት የጎድጓዳው ርዝመትም ይለያል፤ የድሮ የእንግሊዝ ጠመንጃ 65 ሚሊ ሜትር ቀለህ ሲቀበል ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው ባብዛኛው 70 ነው። ረጅሙ ቀለህ አጭሩ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን አፉ ተዘርግቶ የሚያርፍበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል። ገዥው ይህን ካላወቀ ጣቱን ሊከፍልበት ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ ጠመንጃዎች ብቻ ግፊቱ የተቀነሰ ጥይት የሚሠሩ አሉ፤ ከፔንሲልቫንያው አር ኤስ ቲ የሚመጡት ካርቶኖች በየድንኳኑ ይታያሉ። ለአፈሙዙ ደግሞ የግድግዳውን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ይዞ የሚዞር ጠጋኝ አለ። ብዙዎቹ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሳሳውን አይተኩሱበትም፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። የጠመንጃ ፋብሪካዎች በአንጻሩ ደማስቆ ጨርሶ አትተኩሱ ባዮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር እራት ላይ ሲነሣ የሚረጋ አይደለም።

ሕጉ እንደ ዕድሜው ይለያያል። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራን ጠመንጃ ጥንታዊ ቅርስ ብሎ ከተራው የጦር መሣሪያ ለይቶታል። ስለዚህ የ1895 ፓርከርና የ1905 ፓርከር ለዓይን አንድ ሆነው በሕግ ፊት ባዕዳን ናቸው። ሁለተኛው በተለያየ ግዛት በሚኖሩ ሁለት ተራ ሰዎች መካከል እንዲሁ እጅ በእጅ አይተላለፍም፤ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። ነጋዴው ቅጽ ያስሞላል፤ ከ1998 ጀምሮ በሚሠራው የፌዴራል ማጣሪያ የገዥውን ስም ያስመረምራል። ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸውን ለመሰብሰብ የተለየ ፈቃድ ያወጡ ሰዎችም አሉ፤ እነሱ መንገዱ ይቀላቸዋል። ከግዛት ግዛት ተጨማሪ ሕግ ስላለ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ከመክፈሉ በፊት «የት ነው የምትኖረው?» መባሉ እንደ ሰላምታ ነው።

ስለ አሜሪካ ጠመንጃ ሲወራ ፖለቲካ ቶሎ ይገባል። እዚህ ሆን ብለው ይሸሹታል። ማን ማንን እንደሚመርጥ ሳይነገር ይታወቃል፤ ማንም አያነሣውም። ጥንቃቄያቸውን አልንቀውም። በሌላ ቦታ በተኩስ የሚሞተውን ሰው ብዛት የሚያስታውስ አንባቢ ግን የእነዚህን ሰዎች ፀጥታ እንደ ቸልተኝነት ሊያየው ይችላል፤ እኔም በየመሐሉ እንደዚያ ተሰምቶኛል። ሸክላ የሚሰብር ጠመንጃ ሰው የሚገድለው ዓይነት አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ጠመንጃ ግን ጠመንጃ ነው፤ ይህን ከሁሉ በላይ የሚያውቁትም ባዶ መሆኑን ሦስቴ የሚያዩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

በእኛ ገጠር የአባት ጠመንጃ የሸጠ ልጅ ስሙ ይነሣል። ሊርበው ይችላል፣ በሬው ሊሞትበት ይችላል፣ ጠመንጃው ግን ግድግዳ ላይ ይቆያል፤ ለቅሶ ላይ ይወጣል፣ ሠርግ ላይ ይፎከርበታል። በዚህ ዓይን ሳያቸው መጀመሪያ ግራ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች አባታቸው የሰጣቸውን ጭምር ይሸጣሉ። የሚያሳፍራቸው ለማይገባው ሰው መሸጥ ነው። አንድ ሰብሳቢ ሲሞት ባልቴቲቱ ጠመንጃዎቹን ወደ ጓደኞቹ ታመጣለች። አንዲት እናት የባላቸውን ጠመንጃዎች በመኪናቸው ጭነው መጥተው ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዋጋ አወጡላቸው፤ እያንዳንዱ የየግሉን ግምት በወረቀት ጽፎ፣ ሳይተያዩ፣ ከዚያ አንድ ላይ ገለጡት። የተራራቀ አልነበረም። ከሦስቱ አንዱ የሟቹን ስሚዝ ለራሱ ሲመኝ ዓመታት ኖሯል፤ ስለዚህ ከእሱ ግምት ከፍ ያለውን ከፈለ። ማንም አላዘዘውም።

ይህ ደግነት ብቻ አይደለም፤ ቢሆንማ ባላመንኩት። ክበቡ ጠባብ ነው። ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ በፀደይ ሳንፎርድ ያታለለ ሰው በመኸር ሌላ ሜዳ ላይ ያው ሰው ፊት ይቆማል። የተጠገነ ሰደፍ ደብቆ የሸጠ አንድ ሰው ታሪኩ ከሰውየው ቀድሞ ወደ ድንኳኑ ይገባል። የላላውን ብየዳ ወረቀት ላይ መጻፍ ከማንም የበለጠ ለሻጩ ይጠቅማል። በሺህ ዶላሮች የሚገመት ዕቃ በእጅ መጨባበጥ የሚሸጥበት ገበያ የሚኖረው ሰው ስሙን ከገንዘቡ አስበልጦ ሲፈራ ነው። ያ ፍርሃት ሲደጋገም ወዳጅነት ይሆናል፤ በእኔ ግምት መነሻውን መርምሮ የሚያፍርበትም የለም።

ያሳሰባቸው ሌላ ነው። አዲስ ፊት አይመጣም። የመካከለኛ ደረጃ ጠመንጃ ዋጋ ወርዷል ይላሉ፤ ልጆቻቸው ከአባታቸው ሥር የቆሙት ስልክ እያዩ ነው። ስለዚህም ወጣት ብቅ ሲል ይሻሙበታል። አንድ ሃያዎቹ ውስጥ የሚገኝ ልጅ፣ ከገንዘቡ ጋር እየተማከረ፣ አንድ ትሮጃን አንሥቶ ያስቀምጥ ነበር። ትሮጃን የፓርከር ዝቅተኛው ደረጃ ነው፤ ጌጥ የለውም፣ ሥራው ግን ያው ነው። ሻጩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አደረጉ።

«ስንት አለህ?»

ልጁ ነገራቸው። ከተጻፈው ዋጋ በእጅጉ ያንስ ነበር።

«የት ነው የምትኖረው?»

«ቨርጂኒያ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ከዚያ ድንኳን ያለው ነጋዴ ዘንድ ሄደን ቅጹን እንሙላ። አንድ ውል አለኝ ግን። እንዳትቀባው፣ ሰደፉን እንዳትቆርጠው። ስትሸጠውም መጀመሪያ ለእኔ ትነግረኛለህ።»

«አልሸጠውም» አለ ልጁ።

ከአጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም፤ የወረቀቱን ጀርባ ገልብጠው ስልክ ቁጥራቸውን ጻፉለት።